ከቦሌ አስመራ ስንት ሰዓት ነው?

እስቲ ስልካችሁ ላይ ካርታ ክፈቱና ከቦሌ አስመራ ያለውን ርቀት ለኩት። በቀጥታ 700 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በአውሮፕላን ከአንድ ሰዓት ትንሽ ቢበልጥ ነው። መንገድ የተዘጋጋ ቀን እኮ ከሜክሲኮ ቦሌ ለመድረስም ታክሲ ውስጥ ይህን ያህል እንቀመጣለን።

ጦርነት ያቆመው በረራ ከ20 ዓመት በኋላ፣ ሐምሌ 11 ቀን 2010 ዓ.ም. ሲጀመር እናቴ ቴሌቪዥኑ ፊት ቆማ አለቀሰች። እህቷ አስመራ ናት። ነሐሴ 2016 ላይ ግን እንደገና ቆመ። የቀረው በሦስተኛ አገር ዞሮ መግባት ነው። በካይሮ ብትዞሩ መንገዱ ከ4,000 ኪሎ ሜትር ያልፋል፤ ስድስት እጥፍ ገደማ!

ኢኮኖሚክስ ስማር የገባኝ አንድ ነገር አለ፦ ርቀት የሚለካው በኪሎ ሜትር ብቻ ሳይሆን በሚያስከፍለን ገንዘብና ጊዜ ነው። በዚህ ስሌት ጎረቤታችን አስመራ በቀጥታ አራት ሰዓት ከምትፈጀው ዱባይ ትርቃለች።

ለነጋዴ ይህ ተጨማሪ ወጪ ነው። ለእናቴ ግን ልዩነቱ ለቀብር መድረስና ለሠልስት መድረስ ነው። መንግሥታት ይጣላሉ፣ ይታረቃሉ። ቢያንስ የለቅሶው መንገድ አብሮ ባይዘጋስ? የአንድ ሰዓት መንገድ እኮ ነው።