የቮልስ ፍሬን፦ ከታምቡር ወደ ዲስክ

ቮልስ ባለበት ቤት ያደገ ሰው የፍሬኑን ጠባይ ያውቀዋል። ጠዋት ወደ ግራ ይጎትታል፣ ውኃ ከገባው ይሰንፋል፣ ከእንጦጦ በሽሮ ሜዳ ቁልቁል ሲወርድ ደግሞ ፔዳሉ እየጠለቀ ይሄዳል። አባቶቻችን ርቀት ጠብቀውና ማርሽ ቀንሰው ኖረውበታል። ዛሬ ግን ከፊት ያለው መኪና አዲስ ነው፤ ፍሬን ሲይዝ ባለበት ቀጥ ይላል። ከኋላው ልጆች ጭኖ የሚከተለው ቮልስስ? «የፊቱን ዲስክ ላድርግለት ወይ?» የሚለው ጥያቄ እንግዲህ የጌጥ ጥያቄ አይደለም።

በታምቡር ፍሬን ሸራዎቹ ከውስጥ ወደ ውጭ እየተከፈቱ ታምቡሩን ይይዛሉ። ታምቡሩ ሲግል ይሰፋና ከሸራው ይሸሻል፤ ፔዳሉ የሚጠልቀው አንድም በዚህ ነው። ሸራውም ራሱ ከመጠን በላይ ሲግል የመያዝ ኃይሉ ይቀንሳል። ዲስክ ግን ነፋስ ላይ የተጋለጠ ስለሆነ ቶሎ ይቀዘቅዛል፤ ሲግል ቢሰፋ እንኳ ወደ ሸራው ይጠጋል እንጂ አይርቅም። ውኃም ከላዩ ይበተናል። ልዩነቱን ለማየት ወደ ዓባይ በረሃ መውረድ ነው፤ ከጎሐ ጽዮን እስከ ድልድዩ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁለት አለ። ደግሞ ፍጥነት ከ40 ወደ 80 ሲያድግ፣ ለመቆም ፍሬኑ የሚሸከመው ሙቀት እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ይሆናል።

አንድ ነገር ግን ሻጮች አይነግሯችሁም። በቀዝቃዛ ፍሬን ለአንድ ጊዜ ድንገት ለመቆም፣ በደንብ የተስተካከለ ታምቡር ጎማውን እስከ መቆለፍ ይይዛል፤ ከዚያ በላይ የሚወስነው ጎማው ነው። የዲስክ ጥቅም አሥረኛውም ጊዜ እንደ መጀመሪያው መያዙና መሪውን አለመጎተቱ ነው። ስለዚህ ያረጀ ጎማ ላይ ዲስክ መግጠም ገንዘብ ማባከን ነው። ወደ ጎን የሚጎትተውንም ቢሆን መጀመሪያ መካኒኩ በካቻቢቴ ሸራዎቹን እኩል ያስተካክላቸው፤ ብዙ ጊዜ በሽታው እዚያው ያበቃል።

ከዲስክም የሚቀድም ሥራ አለ። እ.ኤ.አ. ከ1966 በፊት የተሠሩ ቮልሶች የፍሬን መስመራቸው አንድ ነው። አንዲት ቱቦ ከፈነዳች አራቱም ጎማ ፍሬን ያጣል፤ «ፍሬን በጠሰ» የምንለው ይኸው ነው። በኋላ የመጣው ድርብ ማስተር የፊትና የኋላውን ስለለየ አንዱ ቢሄድ ሌላው ይቀራል። የፊቱን ኮፈን ከፍታችሁ ከፍሬን ዘይት ዕቃው ስንት ቱቦ እንደሚወርድ እዩ። አንድ ብቻ ከሆነና ገንዘባችሁ ለአንድ ሥራ ብቻ የሚበቃ ከሆነ፣ እኔ ዲስኩን ትቼ ድርብ ማስተር አስገባ ነበር።

«ጥንታዊነቱን ያጠፋዋል» የሚሉ አሉ። ፋብሪካው ራሱ እ.ኤ.አ. በ1966 ባወጣው ባለ 1500 ቮልስ ላይ የፊት ዲስክ ገጥሞ ለአውሮፓ ገበያ ሸጧል፤ ስለዚህ ይህ ክርክር ብዙ አያስኬድም።

ዋናው ራስ ምታት ዕቃው ነው። የቮልስ የፊት እግር ሦስት ዓይነት ነው፦ እስከ 1965 አጋማሽ የነበረው፣ ከዚያ በኋላ የመጣው ባለ ቦል ጆይንት፣ እና የ1302 እና የ1303 ሞዴሎች። የአንዱ ለሌላው አይሆንም። ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ የሚመጣ ዘመድ ያን ሁሉ ብረት በሻንጣ ተሸክሞ መጥቶ ሳይገጥም ቢቀር ቅያሜው ቀላል አይደለም። ከማዘዛችሁ በፊት ከኋላ ወንበር ሥር የተቀረጸውን የሻሲ ቁጥር ጽፋችሁ ላኩ። የቡሎኑንም ቁጥር ቁጠሩ። የድሮው ቸርኬ ባለ አምስት ቡሎን ነው፤ ከዲስክ ጋር የመጣው የፋብሪካው ደግሞ ባለ አራት። ፊቱ አራት፣ ኋላው አምስት ከሆነ መለዋወጫ ጎማችሁ ለአንዱ ወገን ብቻ ይሆናል፤ ይህ የሚታወቀው ደግሞ ደብረ ብርሃን መንገድ ላይ ጎማ ሲፈነዳ ነው። አንዳንድ ዲስክ ጎማውን ወደ ውጭ ስለሚገፋ መሪው ሲታጠፍ ፓራፋንጎውን ይነካል። የፍጥነት መለኪያው ገመድም በፊት ግራ ጎማ መሃል ስለሚያልፍ አዲሱ ዕቃ ቀዳዳው ሊኖረው ይገባል።

ማስተሩስ? ለታምቡር የተሠራ ማስተር መስመሩ ውስጥ ትንሽ ግፊት የሚያስቀር ቫልቭ አለው። ያ ግፊት ከዲስክ ጋር ሲሆን ሸራው እንዳይለቅ ያደርገዋል፤ መኪናው ይከብዳል፣ ዲስኩ ይግላል፣ ነዳጅም ይበላል። «የድሮው ይበቃል» የሚል መካኒክ ካጋጠማችሁ ለዲስክ የሚሆነውን እንዲያስገባ ጠይቁት። የጎማ ቱቦዎቹም አብረው ይቀየሩ፤ ከውጭ ደህና መስለው ከውስጥ የሚያብጡ አሉ። የፍሬን ዘይትም እርጥበት ስለሚስብ አዲስ ይሁን።

ልጆችን ወደ ጋራዡ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ፣ ታምቡሩ ሲከፈት ራቅ አድርጓቸው። የድሮ ሸራ አስቤስቶስ ሊኖረው ይችላል፤ ብናኙ ለሳንባ አደገኛ ነው። በኮምፕሬሰር አየር ማስነፋት ልማድ ቢሆንም አታስነፉት፤ በውኃ አርሶ በጨርቅ መጥረግ ይሻላል።

ተገጥሞ ሲያልቅ መኪናው በክሪክ ይነሳና የፊት ጎማዎቹ በእጅ ይሽከርከሩ። ፔዳሉ ተረግጦ ከተለቀቀ በኋላም በነፃ መዞር አለባቸው። የመጀመሪያው ሙከራ ሜዳ ላይ፣ በዝግታ፣ ልጆቹ ሳይጫኑ ይሁን። አዲሱ ሸራ ከዲስኩ ጋር እስኪላመድ ለጥቂት ቀናት ሳትጨክኑ ያዙት። የኋላው ታምቡር እንዳለ ይቀጥላል፤ የእጅ ፍሬኑም እዚያ ላይ ስለሆነ በዚያው ቀን ይስተካከል።