የሕፃኑ ሚዛንና የፋብሪካው ሰዓት

ለኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክና ለኮምቦልቻና ደሴ ከተሞች የፋብሪካ ባለቤቶችና ሥራ አስኪያጆች



የአራት ወር ሕፃን ክብደት አልጨምር ሲል በጤና ጣቢያው ሚዛን ፊት የምትጠየቀው እናቱ ናት። «በቀን ስንቴ ታጠቢዋለሽ?» ትባላለች። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ የፋብሪካ ሠራተኛ ከሆነች ግን መልሱ ያለው በእናንተ የፈረቃ ሰሌዳ ላይ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀናት ዕረፍት ከነደመወዙ ይፈቅዳል። የጤና ሚኒስቴር ደግሞ ሕፃን እስከ ስድስት ወሩ ከእናቱ ጡት ሌላ ውሃ እንኳ አይቅመስ ይላል። አዋጁና ምክሩ በሦስት ወር ይለያያሉ። የምጽፍላችሁ ስለዚያ ሦስት ወር ነው።

ጤነኛ ሕፃን በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት በቀን ከ20 እስከ 30 ግራም ይጨምራል፤ ከዚያ ጭማሪው ረገብ ቢልም አምስት ወር ገደማ ሲሞላው ሲወለድ ከነበረው ክብደት እጥፍ ይደርሳል። ጡት ደግሞ ወተት የሚሠራው በተጠባው ልክ ነው። ልጇን ታቅፋ የምትውል እናት በቀንና በሌሊት ስምንት ጊዜና ከዚያም በላይ ታጠባለች። የስምንት ሰዓት ሥራ፣ የምሳ ሰዓትና መንገዱ ሲደመሩ፣ በተለይ ከደሴ በሐረጎ ቁልቁለት ለምትመላለሰው፣ ከዚያ ውስጥ ሦስት አራቱ ይቀራል። ጡቷ በወተት ተወጥሮ ይውላል፤ ሳምንታት ሲያልፉ ወተቱ ራሱ ይቀንሳል። ቤት ያለችው አያት ወይም ሞግዚት የላም ወተት በውሃ ታቀጥናለች፣ አጥሚት ትሞክራለች። የሕፃኑ ሆድ ይሞላል፣ ክብደቱ ግን ባለበት ይቆማል፤ ተቅማጥ ከመጣ ጭራሽ ይወርዳል። ጎረቤት «ዓይን በልቶት ነው» ይላል። የፋብሪካውን ሰዓት የሚጠረጥር የለም።

ክብደቱ የዘገየ ሕፃን ሁሉ እናቱ ሥራ ስለገባች ነው አልልም። ያለጊዜው የተወለደ አለ፣ የልብ ሕመም ወይም ኢንፌክሽን ያለበት አለ፤ ከተፈጥሮው ቀጠን ብሎ በራሱ መስመር የሚያድግም አለ። በ2011 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 41 ከመቶ ያህሉ የቀነጨሩ ሆነው ሲገኙም፣ የአብዛኞቹ ምክንያት ፋብሪካ አይደለም። ሆኖም ድርቅንና ድህነትን በአንድ ማስታወቂያ ማስቀረት አይቻልም፤ የፈረቃ ሰሌዳን መለወጥ ግን ይቻላል።

«የጣሳ ወተት ትግዛለት» የሚለውን ሐሳብ በልብስ ስፌት ሠራተኛ ደመወዝ አስሉት። ጣሳው ቶሎ እንዳያልቅ ዱቄቱ ይቀንሳል፣ ውሃው ይበዛል፤ ሚዛኑም ያንኑ ያሳያል። «ሥራውን ትተወው» የሚለውም ሕፃኑን ከነእናቱ ማስራብ ነው። የሚከብደው የእናንተ መከራከሪያ ነው፦ በ2014ቱ ጦርነት ተዘርፈን፣ በዚያው ዓመት ከአሜሪካ የቀረጥ ነጻ ገበያ ከአጎዋ ወጥተን፣ ገና ሳናገግም ሌላ ወጪ? እውነት ነው። የምጠይቀው ግን ሕፃኑ ስድስት ወር እስኪሞላው በቀን ሁለት ጊዜ ግማሽ ሰዓት ከነክፍያው፣ የሚዘጋ በር ያለው ንጹሕ ክፍል፣ የእጅ መታጠቢያና አንድ ፍሪጅ ነው። የታለበ የጡት ወተት ያለ ፍሪጅ ቢቆይ አራት ሰዓት ያህል ነው፣ በፍሪጅ እስከ አራት ቀን፤ በኮምቦልቻ ሙቀት ፍሪጅ ቅንጦት አይደለም። ሙያ የለመደች ሠራተኛ ስትለቅ አዲስ ማሠልጠንም ነጻ አይደለም።

«አዋጁ አያስገድደንም» ትሉ ይሆናል። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ግን መሥሪያ ቤቶች የሕፃናት ማቆያ እንዲያዘጋጁ አዞ ነበር። የመሥሪያ ቤት ጸሐፊዋ ልጅና የልብስ ሰፊዋ ልጅ ሆድ አንድ ነው። ማቆያ ያዘጋጃችሁ ካላችሁ ወቀሳዬ አይመለከታችሁም። የቀራችሁት ከወሊድ የሚመለሱ ሠራተኞቻችሁን ስም ዝርዝር ከሰው ኃይል ክፍላችሁ ጠይቁና፣ ሁለቱን ግማሽ ሰዓቶች በሚቀጥለው ወር የፈረቃ ሰሌዳ ላይ አስገቡላቸው።