የምርጫ ካርድና የሐኪም ቤት ካርድ

ባለፈው እትም በዚሁ ግድግዳ ላይ የወጣውን «መጀመሪያ ጤና፣ ምርጫ በኋላ» የሚለውን ጽሑፍ ያላነበበ ያለ አይመስለኝም። ጸሐፊው ባልንጀራችን፣ የታመመ ሰው የሚፈልገው መድኃኒት እንጂ የምርጫ ካርድ አይደለም፤ ስለዚህ ሕዝቡ አስቀድሞ ይታከም፣ ይጥገብ፤ የዴሞክራሲው ነገር ከዚያ ወዲያ ይደረስበታል ብሏል። በዕረፍት ሰዓት ቆመው ካነበቡት መካከል ብዙዎቹ ራሳቸውን በአዎንታ ሲነቀንቁ አይቻለሁ። እኔ በበኩሌ አልተቀበልኩትም። ያልተቀበልኩበትንም ምክንያት በአየር ላይ ከምናገር የአንድ ሴናተርን የምክር ቤት ሥራ ይዤ ላስረዳ።

ሰውየው ኤድዋርድ ኬኔዲ ነው። የአሜሪካዋን የማሳቹሴትስን ግዛት ወክሎ እ.ኤ.አ. ከ1962 እስከ ዕለተ ሞቱ እስከ 2009 ድረስ፣ አርባ ሰባት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው በሴኔት ተቀምጧል (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። እኛ አገር በንጉሡ ዘመን ሴናተር ሲባል የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት አባል ማለት ነበር፤ እሱም በንጉሡ ሹመት የሚቀመጥ ነው። የአሜሪካው ግን በየስድስት ዓመቱ ሕዝብ ፊት ቀርቦ ምረጡኝ የሚል ነው። ይህችን ልዩነት ያዙልኝ፤ በኋላ ትፈለጋለች።

ጻድቅ ነበር ልል አልተነሣሁም። የሀብታም ልጅና የፕሬዚዳንት ወንድም በመሆኑ በሩ ሰፍቶለት ገብቷል። በ1969 ደግሞ የሚነዳው መኪና ከድልድይ ወድቆ አብራው የነበረች ወጣት ስትሞት፣ ለፖሊስ ያመለከተው በማግስቱ ጠዋት ነው፤ የተፈረደበትም የሁለት ወር እስራት በገደብ ብቻ ነበር። ሌላ ድሃ ሰው ቢሆን ኖሮ ምን ይፈረድበት እንደ ነበር ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም። የምናገረው ስለ ሥራው ነው።

በምክር ቤቱ ሦስት ዓመት ሳይሞላው፣ በ1965 የመምረጥ መብት ሕግ ሲመከርበት፣ ኬኔዲ አንድ ማሻሻያ አቀረበ። በአንዳንድ የደቡብ ግዛቶች ሰው ለመምረጥ ግብር መክፈል ነበረበት። በቨርጂንያ በዓመት 1 ዶላር ከ50 ሳንቲም ነበር። ምን አላት ትሉ ይሆናል፤ ግን ውዝፉም አብሮ ይጠየቃል፤ ለጥቁሩ የእርሻ ሠራተኛና ለድሃው ነጭ ደግሞ በምርጫውና በልጆቹ ጉርሻ መካከል አማርጥ እንደ ማለት ነው። አስቀድሞ የወጣው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ይህን ግብር የከለከለው በፌዴራል ምርጫ ብቻ ነበር። ኬኔዲ በግዛትም ምርጫ ይቅር ብሎ ተከራከረ፤ 49 ለ45 ተሸነፈ። ይሁን እንጂ በዓመቱ በ1966 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግብሩን በግዛቶቹም ምርጫ ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይጻረራል ብሎ ሻረው።

እንግዲህ ባልንጀራዬን የምጠይቀው እዚህ ላይ ነው። ያ የምርጫ ካርድ የተከለከለ ሰው ሐኪም ቤት ሲሄድ ምን ይገጥመው ነበር? በብዙ የደቡብ ሐኪም ቤቶች ጥቁር በሽተኛ በተለየ ክፍል ይተኛል፣ አለዚያም ጭራሽ አይቀበሉትም። ድምፅ የሌለው ሰው አልጋም አልነበረውም ማለት ነው። ይህ አሠራር የተሰበረው በ1964 የዜጎች መብት ሕግ ከወጣና ሜዲኬር የሚባለው የአረጋውያን የሕክምና መድን በ1966 ሥራ ከጀመረ በኋላ ነው፤ በዘር የሚለይ ሐኪም ቤት የመንግሥት ገንዘብ አያገኝም ተባለ። ሐኪሞቹ በአንድ ሌሊት ደግ ሆነው አይደለም እኮ!

ከሥራዎቹ ሁሉ እኔ የምወድለት የጤና ጣቢያዎቹን ጉዳይ ነው። በ1965 መጨረሻ ላይ ቦስተን ውስጥ ኮሎምቢያ ፖይንት በሚባል የድሆች መንደር ጃክ ጋይገርና ካውንት ጊብሰን የተባሉ ሁለት ሐኪሞች አንድ ጤና ጣቢያ ከፈቱ። ሐሳቡ የመጣው ከወዴት እንደሆነ ታውቃላችሁ? ከአፍሪካ ነው! ጋይገር ተማሪ ሳለ ደቡብ አፍሪካ ሄዶ፣ ሲድኒና ኤሚሊ ካርክ የተባሉ ባልና ሚስት ሐኪሞች ፎሌላ በሚባል የዙሉ ገጠር ያቋቋሙትን ጤና ጣቢያ አይቶ ነበር። እዚያ በሽተኛው እስኪመጣ አይጠበቅም፤ ውኃው፣ ጓሮው፣ የልጆቹ ምግብ ሁሉ የሕክምናው ክፍል ነው። ጋይገርና ባልደረቦቹ ቀጥለው በሚሲሲፒ ማውንድ ባዩ በሚባል የጥቁሮች ከተማ ሌላ ጣቢያ ሲከፍቱ፣ ሐኪሞቹ ለከሱ ሕፃናት በመድኃኒት ማዘዣው ወረቀት ላይ ወተትና እህል ይጽፉ ነበር። የረሃብ መድኃኒቱ ሌላ ምን ሊሆን ኖሯል?

ኬኔዲ በ1966 ኮሎምቢያ ፖይንትን ሄዶ ጎበኘ። ጎብኝቶም ፎቶግራፍ ተነሥቶ አልተመለሰም፤ ሌሎች ከተሞችም እንዲህ ያለ ጣቢያ እንዲኖራቸው በጀት የሚፈቅድ ሕግ እንዲወጣ ደከመ። በ1970ዎቹ በጸናው ሕግ መሠረት ደግሞ የእያንዳንዱን ጣቢያ አስተዳደር ከሚመሩት ሰዎች መካከል የሚበዙት እዚያው የሚታከሙ መሆን አለባቸው። አስቡት እስቲ፤ ካርድ አውጥቶ ወረፋ የሚጠብቀው ሰውዬ ጣቢያው በስንት ሰዓት እንደሚከፈትና ገንዘቡ በምን ላይ እንደሚውል ድምፅ ይሰጣል። የሐኪም ቤቱ ካርድና የምርጫው ካርድ በአንድ ኪስ ገቡ ማለት ነው። ዛሬ በእነዚህ ጣቢያዎች በዓመት የሚታከመው ሰው ከ30 ሚሊዮን በላይ ነው።

በ1970 ደግሞ አሥራ ስምንት ዓመት የሞላው ወጣት ይምረጥ ብለው ከተከራከሩት አንዱ ነበር። ወደ ቬትናም ሄዶ ሙት የሚባል ልጅ የሚልኩትን ሰዎች ለመምረጥ ዕድሜው አልደረሰም ይባል ነበርና። በ1971 የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ሆኖ ጸደቀ። በእኛ ዕድሜ ላለ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይመስለኝም።

ወደ ትልቁ ሽንፈት ልምጣ። ኬኔዲ ከ1970ዎቹ መግቢያ ጀምሮ የሚፈልገው ሙሉውን ነበር፤ አሜሪካዊ ሁሉ በአንድ የመንግሥት መድን ይታከም ነው የሚለው። በ1973 የአሥራ ሁለት ዓመት ልጁ በአጥንት ካንሰር እግሩ ተቆረጠ። ኬኔዲ በኋላ እንደ ተናገረው፣ ሕክምናው በሙከራ ላይ ሳለ በነጻ ይሰጥ ነበር፤ ሙከራው ሲያበቃ ወላጆች ክፈሉ ተባሉ። የእሱ ልጅ መድን ነበረው። ሌሎቹ ወላጆች ግን ቤታቸውን ሸጠው፣ ተበድረው፣ በገንዘባችን ስንት ወር ማሳከም እንችላለን እያሉ ሐኪሙን ይጠይቁ ነበር። በ1974 ፕሬዚዳንት ኒክሰን አሠሪዎች ለሠራተኞቻቸው መድን እንዲገዙ የሚያስገድድ ዕቅድ አቀረበ። ኬኔዲም ወደ መካከል የሚጠጋ ረቂቅ አመጣ፤ የሠራተኛ ማኅበራቱ ግን የሚመጣው ምክር ቤት ይሻላል፣ እንጠብቅ አሉ። ኒክሰን በዚያው ዓመት ሥልጣኑን ለቀቀ፤ የተጠበቀውም ሳይመጣ ቀረ። ስምምነቱ ሳይያዝ መቅረቱ ከትልልቅ ጸጸቶቹ አንዱ እንደ ነበረ በኋላ በሰፊው ተነግሯል።

ከዚያ ወዲያ ቁራሽ በቁራሽ ሠራ። በ1996 ሥራ የለወጠ ሰው መድኑን እንዳያጣ የሚከላከለውን ሕግ ካንሳስ ከተመረጠችው ከሪፐብሊካኗ ከናንሲ ካሰባም ጋር አወጣ። በ1997 ከዩታው ሪፐብሊካን ከኦሪን ሃች ጋር ሆኖ የሕፃናት መድን እንዲቋቋም አደረገ፤ ወጪው ከሲጋራ ግብር ይሸፈን ተባለ። ሁለቱ በብዙ ነገር የማይስማሙ ሰዎች ነበሩ። ይህን አካሄድ አድር ባይነት የሚሉት አሉ። እኔ አልልም፤ ምክንያቱም ቁራሹን ከበላ በኋላ ጠገብኩ ብሎ አልተኛም። በሐምሌ 2008 የአንጎል ዕጢ ይዞት በሕክምና ላይ ሳለ ወደ ምክር ቤቱ ተመልሶ ድምፅ ሰጠ። የሜዲኬር ሐኪሞች ክፍያ እንዳይቀነስ የሚከላከለው ረቂቅ ቀደም ብሎ በአንድ ድምፅ ጉድለት ቆሞ ነበርና። እሱ ሲገባ አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ፤ ውጤቱም 69 ለ30 ሆነ።

ባልንጀራዬ ግን ዝም እንደማይል አውቃለሁ። ኩባ ያለ ብዙ ፓርቲ ምርጫ ሕዝቧን አክማለች፤ አሜሪካ ከነምርጫዋ ከ25 ሚሊዮን በላይ ሰው ያለ መድን ትታለች ይለኛል። ሁለቱም እውነት ነው። ምርጫ ብቻውን ሐኪም አይሆንም። ነገር ግን ከላይ የተሰጠ ነገር ከላይ ሲነሣ ማን ይጠየቃል? ወደ ገዛ አገራችን እንመልከት። በ1973 የወሎ ገበሬ በረሃብ ሲያልቅ መንግሥት ነገሩን ደበቀ። በሹመት የተቀመጠው ሴናተር የዚያን ገበሬ ድምፅ ፈልጎ የሚለምንበት ቀን አልነበረውም፤ ያዙልኝ ያልኳችሁ ልዩነት ይህች ናት። የወሎን ረሃብ ያጠናው ሕንዳዊው የኢኮኖሚ ምሁር አማርትያ ሴንም፣ ነጻ ጋዜጣና የሚሠራ ምርጫ ባለበት አገር ትልቅ ረሃብ አልደረሰም ይላል። በ1984 ዳግመኛ ረሃብ ሲመጣ ኬኔዲ ራሱ በታኅሣሥ ወር ሁለት ልጆቹን ይዞ መጥቶ መጠለያዎቹን አይቷል፤ እህል መላክ ግን ድምፅ አይተካም።

ደግሞ ያገኙት ድምፅም ካልጠበቁት ይሸረሸራል። ኬኔዲ በ1982 ለሃያ አምስት ዓመት እንዲራዘም ከደከሙለት አንዱ የነበረው የመምረጥ መብት ሕግ፣ በ2013 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አንዱን ዋና ምሰሶ ጥሎበታል።

ኬኔዲ የሞተው ነሐሴ 2009 ነው። በጥር 2010 የማሳቹሴትስ ሕዝብ በወንበሩ ላይ የጤናውን ሕግ እቃወማለሁ የሚል ሪፐብሊካን መረጠ! ሕጉ ሊቀር ምንም አልቀረው፤ ሆኖም በመጋቢት 2010 በ219 ለ212 አልፎ ተፈረመ። ባልንጀራዬ ይህን የምርጫ ጉድ ብሎ እንደሚስቅ ይታየኛል። እኔ ደግሞ የሚቀጥለው ክርክራችን ከዚህ ይጀምር እላለሁ፤ መልሱን ይዞ ይምጣ፣ ከጽሑፌ ጎን ያለው የሰሌዳው ቦታ ባዶ ነው።