ነጥቧን በጣት አትጫኗት

የስልክ ስክሪን ላይ አንዲት ነጥብ ስትበላሽ «በጣት ጫን ጫን አድርጓት፤ ካልተመለሰች ስክሪኑን ቀይሩ» የሚለው ምክር ደጋግሞ ይታተማል። ምክሩ ሁለት የተለያዩ ጉዳቶችን ይደባልቃል። በአንድ ቀለም ቀጥ ብላ የቀረች ነጥብ አሁንም ትበራለች፤ ችግሯ ትእዛዝ አለመቀበሏ ነው። ቀለማትን በፍጥነት የሚያፈራርቅ መተግበሪያ አንዳንዴ ያላቅቃታል። ነጭ፣ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ምስል ሲከፈት በሁሉም ላይ የምትጠቁረው ግን ሞታለች፤ ጣትም መተግበሪያም አያስነሳትም። በኦሌድ ስክሪን ላይ መጫን ደግሞ የባሰ ነው፤ ነጥቦቹን ከእርጥበት የሚከልለው ስስ ሽፋን ከተሰነጠቀ እርጥበት ገብቶ አንዷን ነጥብ ሰፊ ጥቁረት ያደርጋታል።

«ተጭኜ ተመልሳልኛለች» የሚሉ አሉ፤ አልዋሹም። ነገር ግን በአንድ ቀለም ቀጥ ብላ የቀረች ነጥብ በራሷም የምትመለስበት ጊዜ ስላለ፣ መመለሷ ብቻውን ጣት እንዳዳናት አያስረዳም። «ቀይሩ» የሚለው ፍርድ ደግሞ እንደ ብቸናና ሞጣ ባሉ ከተሞች የሚኖረውን ሰው ጨርሶ ረስቷል። 1080 በ2400 የሆነ ስክሪን 2,592,000 ነጥቦች (ፒክስሎች) አሉት። ለአንዷ ሲባል ተማሪ ወይም ገበሬ ጥሪቱን አውጥቶ፣ ትክክለኛ ዕቃ ፍለጋ ደብረ ማርቆስ ወይም ባሕር ዳር ድረስ እንዲሄድ መምከር ደግ ምክር አይደለም፤ ስክሪኑ ኦሌድ ከሆነም በፋንታው ርካሽ ኤልሲዲ ተገጥሞለት ሊመለስ ይችላል። አይኤስኦ 9241-307 የተባለው ዓለም አቀፍ መለኪያ እንኳ ስክሪኖችን በጉድለታቸው ብዛት በደረጃ ይከፍላል እንጂ አንዲት ነጥብ የጎደለበትን ሁሉ አይጥልም። ጥቁረቱ ከዕለት ወደ ዕለት ከሰፋ ግን ፓነሉ ራሱ ተጎድቷል፤ ያኔ የስልክ ቁጥሮችንና ፎቶዎችን ቶሎ ገልብጦ ማስቀየር ተገቢ ነው።