ምድጃ የተነፈገው እንግዳ

የፔንሲዮን ክፍል በር ከውስጥ ሲዘጋ ከጀርባው የተለጠፈ ወረቀት ይታያል። ዲላም ይሁን ደብረ ብርሃን ዝርዝሩ ትንሽ ይለያይ እንደሆነ እንጂ ሁለት መስመሮች እምብዛም አይቀሩበትም፤ «ከውጭ ምግብና መጠጥ ይዞ መግባት ክልክል ነው» እና «ክፍል ውስጥ ምግብ ማብሰል ክልክል ነው»። የመጀመሪያው ለምን እንደተጻፈ ለመገመት ብዙ ማሰብ አያሻም፤ ከታች ያለው ምግብ ቤት ገበያ እንዳይቀርበት ነው። ሁለተኛው ግን የክብር ልብስ ለብሶ ይመጣል። አንዳንዴ የእሳት አደጋን ይጠቅሳል፣ አንዳንዴ ባህልን። እንግዳ ይስተናገዳል እንጂ ሽንኩርት አይከትፍም፤ እንግዳን ማድ ቤት ማስገባት ለባለቤቱ ነውር ነው ይባላል። አስተሳሰቡ ሥር ከመስደዱ የተነሣ ከፋዩ እንግዳ ራሱ አምኖበታል። እኔ አላመንኩበትም። ለእንግዳ ምድጃ መንፈግ ከአባቶች የወረስነው ሳይሆን ከሆቴል ሥራ የቀዳነው ልማድ ነው፤ ጉዳቱም ይበልጥ የሚከፋው እንደ ጌዴኦ ባለ፣ ለዓለም የሚያሳየው ትልቁ ሀብቱ የጓሮ ምግቡ በሆነ ምድር ላይ ነው።

ከባህሉ እንጀምር። መንገደኛ ደጅ ቆሞ «የመሸበት እንግዳ ነኝ፣ አሳድሩኝ» ሲል «ቤት ለእግዚአብሔር» የሚል መልስ የሚያገኝበት አገር ነበር። ያ መንገደኛ ግን የእግዜር እንግዳ ነው፤ አይከፍልም፤ ስለዚህም የሰጡትን ይበላል፣ ያነጠፉለት ላይ ይተኛል። ለአልጋው ሒሳብ የሚከፍለውን ሰው በእግዜር እንግዳ ወግ አፉን ማስያዝ የማይገናኙ ሁለት ነገሮችን ማጋባት ነው። ከዚያም በላይ፣ የጥንቱ መንገደኛ ባዶ እጁን አይወጣም ነበር። በሶው፣ ጭኮው፣ ቋንታው፣ ድርቆሹ ሁሉ የተፈለሰፈው ሰው ከቤቱ ርቆም የራሱን እንዲበላ ነው። ወደ ዓድዋ የዘመተው ሠራዊት ስንቁን ጭኖ፣ የሚያበስሉለትን ሴቶች አስከትሎ ነው የሄደው። የቤተ መንግሥት እንግዳ እንኳ ድርጎ ሲሰፈርለት እንጀራና ጠጁ ብቻ ሳይሆን በጉና በሬው በቁሙ ይነዳለት ነበር፤ አርደው የሚያበስሉት የእንግዳው የራሱ ሰዎች ናቸው። (ድርጎው የሚወጣው ከገበሬው ጎተራና በረት ነበርና ገበሬው ይህን መስተንግዶ በምን ዓይን እንዳየው መገመት አይከብድም።) እቴጌ ጣይቱ አዲስ አበባ ላይ ሆቴላቸውን ሲከፍቱ ደግሞ ሰዉ ለምግብ ገንዘብ መክፈልን እንደ ነውር ቆጥሮት እንደነበር በሰፊው ይነገራል። እንግዲህ ነውሩ ተገልብጦ ቆሟል ማለት ነው፤ ያኔ የሚያሳፍረው ገዝቶ መብላት ነበር፣ ዛሬ ደግሞ እንግዳ ሆኖ ማብሰል።

ልማዱ ተገለበጠ ስንል ግን በሁሉም ቦታ አይደለም። በዚህ አገር ክፍል ተከራይቶ ለሳምንታት የሚሰነብት ሰው በብዛት የሚገኘው በሎጅ ሳይሆን በጠበል ቦታ ነው። ሸንኮራ ዮሐንስም ሆነ እንጦጦ ማርያም የሚሄደው ጠበልተኛ ከመንደሩ ሰው ቤት ክፍል ይይዛል፣ እህሉን ከቤቱ ያመጣል ወይም እዚያው ይሸምታል፣ ምድጃ አንድዶ ሽሮውን ይሠራል። አከራዩ «እንግዳዬን አዋረድኩ» ብሎ አያፍርም፤ እንዲያውም ማገዶና ውኃ ሸጦ ይጠቀማል። ጃፓኖችም በፍል ውኃ መንደሮቻቸው፣ ለፈውስ የመጣ ሰው ሩዙን ይዞ መጥቶ በጋራ ማድ ቤት እያበሰለ የሚሰነብትበት አሮጌ ልማድ አላቸው። ከሁለቱም የምንረዳው አንድ ነገር ነው። ለአንድ ሌሊት የሚያድር ሰው ምግብ ቤት ይበቃዋል፤ የሚሰነብት ሰው ግን ምድጃ ያስፈልገዋል። ምድጃ ከሌለው አይሰነብትም።

ጌዴኦን ያየን እንደሆነ የሚያንገበግበን ይኸው ነው። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. ሪያድ ላይ በተቀመጠው ጉባኤ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ከ29 ሺህ ሄክታር በላይ ስፋት ያለው፣ ሩብ ሚሊዮን ያህል ሰው የሚኖርበት ቦታ ነው። የተመዘገቡት ጨልባ ቱቲቲና ቱቱ ፈላ ያሉት ትክል ድንጋዮች ብቻ አይደሉም። የተመዘገበው ትልቅ ነገር ገበሬው በረጃጅም ዛፎች ጥላ እንሰቱን፣ ከእንሰቱ ሥር ቡናውን አድርጎ ገደላገደሉን ሳይንድ የሚኖርበት ዘዴ፣ በአጭሩ የሚበላው ምግብና የሚያበቅልበት ጥበብ ነው። ጎብኚው ታዲያ ምን ያደርጋል? ከአዲስ አበባ 360 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ዲላ ይገባል፣ ትክል ድንጋዩ አጠገብ ቆሞ ፎቶ ይነሣል፣ መንገድ ዳር ካለ ሆቴል ሻሸመኔ ላይ የበላውን ጥብስ ይደግመዋል፣ በማግስቱ ሐዋሳ ለማደር ይቸኩላል። ቆጮ ቢያገኝ እንኳ አብዛኛውን ጊዜ የክትፎ አጃቢ ሆኖ ነው። ቡላ፣ አሚቾ፣ የጓሮው ጎመን፣ ገበያ ላይ የተከመረው አቮካዶና ሙዝ ከመኪናው መስኮት ውጭ ይቀራሉ። ዓለም የመሰከረለትን ምግብ እንግዳው ዳር ዳሩን ዞሮት ይሄዳል። የገበያዋን ሴት ደግሞ ከናካቴው አያገኛትም፤ ጥሬ ቆጮ ገዝቶ የት ሊያደርገው?

አሪቻ ላይ ነገሩ ወደ ቀልድ ይጠጋል። ከይርጋጨፌ ከተማ ብዙም የማይርቀው ይህ ቀበሌ ስሙ በባሕር ማዶ ቡና መሸጫዎች ከረጢት ላይ ተጽፎ ይነበባል። ኢትዮጵያ ይርጋጨፌ የሚለውን ስም የራሷ የንግድ ምልክት ለማድረግ ከስታርባክስ ጋር ተሟግታ በ1999 ዓ.ም. ከስምምነት ደርሳለች። ለስሙ ይህን ያህል ደክመናል። ስሙን ተከትሎ ከሴኡል ወይም ከሃምቡርግ የመጣ ቡና ወዳድ ግን ያደረበት ክፍል ውስጥ አንዲት እፍኝ ቡና መቁላት አይችልም፤ ወረቀቱ ይከለክለዋል። ማጠቢያ ጣቢያውን ይጎበኛል፣ የተሰጣውን ቡና ያያል፣ ከዚያ ሆቴሉ ውስጥ ከማሽን የወጣ ማኪያቶ ይቀርብለታል።

እንግዳ ቆጮን እንዴት አድርጎ ያበስላል የሚል ተቃውሞ ይነሣል፤ ተገቢ ነው። እንሰት ለመድረስ ዓመታት ይፈጃል፤ ሴቶቹ ግንዱን ፍቀው፣ ሥሩን ደቁሰው፣ ቅጠል በተነጠፈበት ጉድጓድ ቀብረው እስኪብላላ ሳምንታትና ወራት ይጠብቃሉ። ይህን ማንም የሦስት ቀን እንግዳ አይሠራውም፤ ይሥራ ያለም የለም። ገበያ ላይ በቅጠል ተጠቅልሎ የሚሸጠው ግን ይህን ሁሉ ያለፈ ነው። የሚቀረው ውኃውን መጭመቅ፣ ቃጫውን በቢላ ከትፎ ማላም፣ በእንሰት ቅጠል ሸፍኖ ምጣድ ላይ መጋገር ነው። ይህም ቢሆን እጅ ይፈልጋል፣ ላልለመደውም ወይ ይጠነክርበታል ወይ ያርርበታል። እዚህ ላይ ነው የቤቲቱ እመቤት የምትገባው። ወጥ አቅራቢ አስተናጋጅ ሆና ሳይሆን ባለሙያ ሆና፤ አጠገቡ ቆማ «አሁን ገልብጠው» ስትለው የምትሸጠው እውቀቷን ነው። ቆጮ የሴቶች ጥበብ መሆኑን ሁሉም ይናገራል፣ በየበዓሉም ይወደሳል፤ ለዚህ ጥበብ የትምህርት ዋጋ የሚከፈልበት ቦታ ግን አልሠራንላቸውም።

የእሳት አደጋው ክርክር ከበድ ይላል፤ ማቃለል አይገባም። በተዘጋ ክፍል ከሰል አቀጣጥሎ የሚተኛ ሰው ላይነሣ ይችላል፤ የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ ሥራ አመራር ኮሚሽን ይህን ደጋግሞ ያስጠነቅቃል። መኝታ ክፍል ውስጥ ምድጃ አይግባ የሚለውን እኔም እፈርምበታለሁ። ግን የአበሻ ግቢ ይህን ጥያቄ ድሮ መልሶታል። ማድ ቤቱን ከመኝታ ቤቱ ለይቶ፣ ጭሱ ወደማይደርስበት ጓሮ ወስዶ ሠራው። ፔንሲዮኑ ከዚህ አሠራር መኝታውን ብቻ ወስዶ ማድ ቤቱን ጣለው፤ ከዚያ የፈጠረውን ጉድለት አደጋ ብሎ ጠራው። ክልከላውም እሳቱን አላጠፋም፣ ደበቀው እንጂ። ለሕፃን ልጇ አጥሚት ማሞቅ ያለባት እናት፣ ስኳር ስላለበት የሆቴል ወጥ የማይስማማው አዛውንት፣ ሕመምተኛ ለማስታመም ከገጠር መጥቶ ዲላ የሰነበተ ቤተሰብ ወረቀቱን አንብበው ረኃባቸውን አይተዉም። ኤሌክትሪክ ስቶቩን አልጋ ሥር ደብቀው፣ በሩን ቆልፈው፣ መስኮቱን ዘግተው ያበስላሉ። ከዚህ የበለጠ አደጋ የት አለ? ደግሞስ እሳት ከሆነ ምክንያቱ፣ ቦሌ ላይ ለዲያስፖራ በቀን የሚከራየው ፈርኒሽድ አፓርታማ ኩሽናው የተሟላለት ለምንድን ነው? እዚያ እሳት አያቃጥልም? ማድ ቤት የሚከለከለው በርካሽ ክፍል የሚያድረው፣ ሦስት ጊዜ ሆቴል መብላት የማይችለው ሰው ነው።

የሃይማኖቱም ጉዳይ አለ። ሙስሊምና ክርስቲያን አንዱ የሌላውን እርድ በማይበላበት አገር፣ የኦርቶዶክስ ምእመን በዓመት ከመቶ ሰማንያ ቀን ባላነሰ በሚጾምበት አገር፣ «የሆቴሉን ብላ» ማለት ቀላል ትእዛዝ አይደለም። የራሱ ድስት ያለው እንግዳ ማንንም ሳያስቸግር በልቶ ያድራል።

ከተቃውሞዎቹ ሁሉ ያመነታሁበት ግን የምግብ ቤቶቹ ሴቶች ነገር ነው። እንግዳ ለራሱ ካበሰለ ወጥ ሠሪዋና አስተናጋጇ ምን ይበላሉ? አዎ፣ አንዳንድ ምሳ ይቀርባቸዋል። ይባስ ብሎ፣ እንግዳው ፓስታውን፣ ዘይቱንና የታሸገ ቱናውን ከአዲስ አበባ ጭኖ መጥቶ እየቀቀለ ቢመለስ ጌዴኦ ላይ የሚቀረው ባዶ ቆርቆሮ ብቻ ነው። ቁልፍ ተቀብሎ፣ በር ዘግቶ፣ ከሰው ሳይገናኝ የሚከራየው የአፓርታማ ዓይነት ኩሽና ወደዚህ ቢመጣ ውጤቱ ይኸው ስለሚሆን እኔም አልደግፈውም። ግን ሒሳቡ በአንድ ሳህን አይዘጋም። ለአንድ ሌሊት ብቻ የሚያድረው ሰው አሁንም ሆቴል ይበላል፤ ማድ ቤቱ የሚያመጣው ሐዋሳ ሊያድር ይሄድ የነበረውን፣ ከነልጆቹ አራት ቀን ሊሰነብት የሚችለውን ነው። እሱ ቢያንስ አንድ ሁለት ቀን ውጭ ይበላል፤ በቀረው ቀን ደግሞ ገንዘቡ ከአንድ ባለ ሆቴል ካዝና ወጥቶ ቆጮ ሻጯ፣ ቅቤ ነጋዴዋ፣ ጎመን ያቀረበችው ልጅ፣ ማገዶ ያመጣው ጎረምሳ እጅ ይገባል። ወጥ ሠሪዋም ብትሆን በምግብ ቤቱ ደመወዝ ተቀጣሪ ናት፤ በጋራው ማድ ቤት ግን የሙያ ዋጋዋን ራሷ ትተምናለች።

ሆቴሎቻችን በ2007 ዓ.ም. በዓለም ቱሪዝም ድርጅት እገዛ ኮከብ መቀበል ከጀመሩ ወዲህ ሁሉም ዓይኑን ወደ ኮከቡ አንጋጧል። ኮከብ መልካም ነው፤ ለአሪቻ ግን አይበጅም። አሪቻ፣ ይርጋጨፌ ወይም ዲላ ላይ ለእንግዳ አራት ክፍል ለመሥራት ድንጋይ የሚያስጠርብ ሰው ካለ አራተኛውን ማድ ቤት ያድርገው። ከመኝታው ራቅ ብሎ ይቁም፣ ጭስ መውጫ ይኑረው፣ ቡታጋዙ ከውጭ ይቀመጥ፤ ምጣድ፣ ሁለት ድስት፣ የቡና መቁያና ጀበና ይግቡበት። በየበሩ ጀርባ ወረቀት መለጠፉን መተው ካልቻለም ይለጥፍ፤ የገበያው ቀን መቼ እንደሆነና ቆጮ መጋገር የምታሳየው እናት በስንት ሰዓት እንደምትመጣ ይጻፍበት።