«ደም ብዛት» ብዬ ተረጎምኩ

የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሆኜ እማዬን ይዤ ቁፓት ሆሊም እሄድ ነበር። ሐኪሟ «ላሃጽ ዳም» አለች፤ እኔም «ደም ብዛት» ብዬ ተረጎምኩ። ሁላችንም የምንለው እንደዚያ ነው። እማዬ ግን የገባት ደሟ እንደ በዛ ነው። ክኒኑን ሁለት ሳምንት ወስዳ ራስ ምታቱ ሲተዋት «ቀነሰልኝ» ብላ አቆመች። እኔ እንዳላርማት የሒሳብ ፈተና ነበረብኝ።

የሚበዛው ደሙ አይደለም፤ የደም ሥሩን ግድግዳ የሚገፋው ኃይል ነው። ብዙ ጊዜ ምልክት የለውም፤ ራስ ምታት ጠፋ ማለት ግፊቱ ወረደ ማለት አይደለም። ክኒኑ የሚሠራው እየተወሰደ እስካለ ነው። ችላ ከተባለ ከዓመታት በኋላ ልብን፣ ኩላሊትን ወይም አንጎልን ይጎዳል። ደረቅ ሳል የሚያመጣ የክኒን ዓይነትም አለ፤ ያኔ ለሐኪም ነግሮ ማስቀየር እንጂ በራስ ማቆም አይገባም።

አባዬ ደግሞ «ልቤን» ሲል ደረቱን ይሁን ሆዱን የምለየው እጁን አይቼ ነው። አንዴ «ሌብ» ብዬ ተርጉሜለት ሚዩን ውስጥ ኤካጌ ተነሣ፤ ቃር ነበር። ተገላቢጦሹ ቢሆንስ ኖሮ?

የጤና ሚኒስቴር በ2011 ባወጣው መመሪያ የጤና ተቋማት አስተርጓሚ እንዲያቀርቡ አዟል። እኛ ግን አሁንም ከትምህርት ቤት ቀርተን እንሄዳለን፤ ወላጆቻችንም መጠየቅ ያፍራሉ። ጠይቁ እላለሁ።

ባለፈው ቀጠሮ እማዬ በስልክ አስተርጓሚ ጠየቀች፣ እኔ ውጭ ተቀመጥኩ። ከእኔ ጋር አምስት ደቂቃ ይበቃት ነበር፤ ያን ቀን ሃያ ደቂቃ ቆየች።