መለኪያው ራሱ አስቀድሞ መመርመር እንደሚገባው

በአንድ ወረዳ ሦስት ሚዛን ቢገኝ፥ አንድ ኩንታል እህልም በሦስቱ ላይ በተራ ቢመዘን፥ ሦስቱም አንድ ቁጥር ይሰጣሉ ብሎ የሚምል ሹም ካለ፥ ወይ እጅግ የታመኑ ሚዛኖች አሉት፥ ወይ ከቶ መርምሯቸው አያውቅም። የገበሬው የዓመት ድካም ዋጋ የሚቈረጠው ግን በዚያው ቁጥር ነው። ስለዚህ አዲስ መሣሪያ ይገዛልን የሚለው ደብዳቤ ከመጻፉ በፊት፥ በእጅ ያለው መሣሪያ እውነት መናገሩን መመርመር የእርሻ ሹማምት የመጀመሪያ ሥራ ሊሆን ይገባል።

መለካት ማለት ያልታወቀውን ነገር ከታወቀው ጋር ማስተያየት ነው። ቁናም ይህንኑ ያደርጋል፤ ሻጭና ገዥ በሚተዋወቁበት መንደርም ብዙ ዘመን በቅንነት አገልግሏል። ጉዳቱ የመጣው የአንዱ አገር ቁና ከሌላው አገር ቁና ባለመተካከሉ፥ ደግሞም አንዱ በአፉ ልክ ጠርጎ ሲሰፍር ሌላው እስኪቈለል ድረስ በመሙላቱ ነው። ነጋዴው ሲገዛ ቈልሎ፥ ሲሸጥ ጠርጎ ቢሰፍር፥ ቁናው አንድ ሳለ ልኩ ሁለት ይሆናል። ኪሎ ይህን ያስቀራል ተብሎ ተቀበሉት። ይሁን እንጂ ኪሎም ከመመርመር አላመለጠም። በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1889 እስከ 2019 ድረስ የዓለም ሁሉ ኪሎ በፓሪስ አጠገብ የሚጠበቅ አንድ የፕላቲንና የኢሪዲየም ብረት ነበር፤ ከቅጂዎቹ ጋር ሲያስተያዩት በመቶ ዓመት ገደማ ውስጥ ወደ 50 ማይክሮግራም የሚደርስ ልዩነት ተገኘ። በሦስት ሽፋን ብርጭቆ ተከድኖ የኖረ ብረት ይህን ያህል ከተጠረጠረ፥ በገበያ አቧራ የሚንከባለለው ብረት ምን ያህል ሊጠረጠር ይገባው ይሆን?

ባለ ሁለት ሰሐን ሚዛን ከመሣሪያዎች ሁሉ ቀላሉ ነው። ዘንጉ በመካከሉ ይንጠለጠላል፤ ሁለቱ ክንዶቹ እኩል ርዝመት ካላቸው፥ በአንዱ ሰሐን ያለው ብረት በሌላው ካለው እህል ጋር ሲተካከል ዘንጉ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ሰሐኖቹ ባዶ ሳሉ ዘንጉ ቀጥ ካለ ሚዛኑ እውነተኛ ነው የሚሉ ብዙዎች ናቸው፤ ይህ ግን ስሕተት ነው። የረዘመው ክንድ የሚሸከመው ሰሐን በጥቂቱ ቀለል ተደርጎ ቢሠራ፥ ሚዛኑ ባዶውን ሲሆን ቅን መስሎ ይታያል። አንደኛው ክንድ ከሌላው ከመቶ ሁለት እጅ ቢረዝምና እህሉ በአጭሩ ወገን ቢቀመጥ፥ ገበሬው 100 ኪሎ ተብሎ 102 ኪሎ ያስረክባል፤ ይህም በ50 ኩንታል ላይ አንድ ሙሉ ኩንታል ነው። ተንኰሉን ለመግለጥ ሊቅ አያስፈልግም፤ እህሉንና ብረቱን ቦታ ማለዋወጥ ይበቃል። ከተለዋወጡ በኋላም ዘንጉ ቀጥ ካለ ክንዶቹ እኩል ናቸው፤ ካዘነበለ ግን ሚዛኑ ከገበያ ይውጣ።

ባለ ሞላው ሚዛን በሌላ መንገድ ይሠራል። እንግሊዛዊው ሮበርት ሁክ በ1678 እንዳሳተመው፥ ሞላ የሚሳበው በተሰቀለበት ክብደት መጠን ነው። ከዐቅሙ በላይ የተጫነበት ሞላ ግን ወደ ቀድሞ ልኩ አይመለስም። ስለዚህ ባዶውን ሲሆን ከዜሮ ላይ መቆሙን አይቶ፥ በታወቀ ክብደት ደግሞ በጥቂቱም በብዙውም መፈተን ነው። የኤሌክትሮኒኩን ሚዛን ቁጥሩ በመብራት ስለሚታይ ብዙ ሰው እንደ ዳኛ ቃል ይቀበለዋል፤ በውስጡ ያለው ግን ሸክም ሲያርፍበት ዓይን በማያየው መጠን የሚጎብጥ ብረት ነውና፥ ለእርሱም ፈተናው ያው ነው።

በሚዛን የሚደርሰው ጉዳት በገበያው ዕለት ሊታይ ይችላል፤ በዝናም መለኪያ የሚደርሰው ግን ተሰውሮ ይቈያል። አንድ ሚሊሜትር ዝናም ማለት በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ አንድ ሊትር፥ በአንድ ሄክታርም 10,000 ሊትር ውሃ ማለት ነው። መለኪያው ከዛፍና ከቤት ርቆ፥ አፉ አግድም ተስተካክሎ መቆም አለበት። ምልክት የተጻፈበት ብርጭቆም ለአፉ ስፋት ተለክቶ የተሠራ ስለ ሆነ፥ ሲሰበር የሌላ መለኪያ ብርጭቆ መተካት አይገባም። 203 ሚሊሜትር ስፋት ላለው አፍ የተሠራው ብርጭቆ 127 ሚሊሜትር ስፋት ባለው መለኪያ ቢሠራበት፥ ከወረደው ዝናም ከግማሽ በታች ብቻ ያሳያል። ከዚህ የሚከፋው ደግሞ የብዕር ስሕተት ነው። ጠባቂው በበዓል ወይም በሕመም ምክንያት ሳይለካ በቀረበት ቀን «ዜሮ» ብሎ ከጻፈ፥ ያልታየው ቀን እንደ ድርቅ ቀን ይቈጠራል። ዘር ወዴት ይላክ፥ እርዳታ ለማን ይድረስ የሚለው ምክር በዚያ መዝገብ ላይ የሚመሠረት በመሆኑ፥ «አልተለካም» የሚለው ቃል ሳያሳፍር በግልጥ ይጻፍ።

እውነተኛውን መሣሪያ በሐሰት የሚከስም አለ። በአዲስ አበባ ውሃ አፍልቶ ቴርሞሜትር የሚነክር ሰው 92 ዲግሪ ገደማ ቢያገኝ፥ 100 ስላላለ ተበላሽቷል ብሎ ይጥለው ይሆናል። ከተማዋ ከባሕር በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ስላላት የአየሩ ግፊት አነስተኛ ነው፤ ውሃውም ቀድሞ ይፈላል። ቴርሞሜትሩ በሚቀልጥ በረዶ ውስጥ ዜሮን ካሳየ በዚያ ነጥብ ታማኝ ነው።

ይህ ሁሉ ገንዘብ ይጠይቃል የሚሉ አይጠፉም። እህልና ብረት ማለዋወጥ ግን ሳንቲም አያስወጣም፤ የዝናም መለኪያውን ከዛፍ ጥላ ማውጣትም የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። ገንዘብ የሚያስፈልገው ለአንድ ነገር ነው፤ ይኸውም ወረዳው የተመሰከረላቸው የክብደት ብረቶች ገዝቶ፥ ለንግድ ሳያውሳቸው በቍልፍ እንዲያኖራቸው ነው። በገበያ ቀን ጧት ሚዛኖቹ ገበሬዎች ባሉበት በእነዚህ ይፈተኑ፤ ቀኑና የተገኘው ልዩነት በመዝገብ ይግባ፥ መዝገቡንም እህል ይዞ የመጣ ሰው ሁሉ ሲጠይቅ ይመልከተው።